ጋቢ የለበሰው ድስት

ለሆዴ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምርልህ አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። አንተ ያለህበትን አገር ክረምትና በጋ እኔ በምን አውቄው! ብቻ ደህና እንደሆንክ አምናለሁ፤ መቼም የትም ብትሄድ ቦታህን ሳታደላድል የምትቀመጥ ሰው አልነበርክም። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ፣ ተዝካርህም ወጥቶ፣ ይኸው ያለ አንተ ሁለተኛውን ዐቢይ ጾም ይዣለሁ። ሰዎች ዓመት ሲያልፈው ይቀልሻል ይሉኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው። ዓመት ሲያልፈው የሚቀለው ለጠያቂው ነው፤ መምጣቱን ይተዋል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የግቢው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ነገ እሠራዋለሁ እንዳልከው ነው። ኮኩ ዘንድሮ ጥሩ አፍርቶ ነበር፣ ወፍ ጨረሰው። ልጃችን ትዕግሥት ባሕር ዳር እንዳለች ናት፣ ሥራዋም ደህና ነው፤ በደወለች ቁጥር እማ ቤቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ነይ ትለኛለች። አስብበታለሁ እላታለሁ። አላስብበትም። ልብስህን እንደ ደንቡ ለዘመድ አካፈልኩት። አንድ ቀን ወደ ፒያሳ ስሄድ ቡኒው ጃኬትህ ከፊቴ እየሄደ አየሁት። አካሄዱ ሳይቀር ያንተ መሰለኝና ልጣራ አፌን ስከፍት ዘወር አለ፤ ለካ ያጎትህ ልጅ ነው። ደህና ዋልክ ብዬው አለፍኩ።

እውነቱን ልንገርህ አይደል? ከዚህ ቤት ቀስ በቀስ እየወጣህብኝ ነው። ትራስህ ላይ የነበረው ጠረንህ ጠፋ። ድምፅህ ያለበት ስልክ ውሃ ገባበትና እሱም ሄደ። ሳስበው ሳስበው ከአንተ ያልሞከርኩት አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የዓርብ ባቄላህ። እሱን ጣዕም እዚህ ቤት መልሼ ካገባሁት አንተም ትንሽ ትቀመጥልኛለህ ብዬ ተያያዝኩት። ካጣሁት ደግሞ በቃ፣ ጨርሰህ ሄድክ ማለት ነው። ሳቅብኝ ግድ የለም፤ ብቻውን የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስባል።

ጡረታ የወጣህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ዕድሜህን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ማኪና ስትነዳ ኖረህ ድንገት ቤት ስትውል የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋህ። ወጥ ቤት እየገባህ ክዳን መግለጥ አመጣህ። ወንድ ልጅ ጓዳ ለጓዳ ምን ይሠራል እያልኩ ስንቴ አባረርኩህ! አንተ ግን ትሰማለህ? ማክሰኝት ገበያ ሄደህ አንድ ከረጢት ባቄላ ተሸክመህ መጣህና የነገው ምሳ የኔ ነው አልክ። በማግስቱ ሽርጤን አገልድመህ ድስት ስትጥድ ጎረቤታችን አለምነሽ በአጥር አየችህ። ኧረ ጉድ! ኧረ ኑ እዩልኝ! ብላ ሰፈሩን ሞላችው። አንተ እቴ፣ ምን ገዶህ። መካነ ብርሃን ያደገ ሰው ባቄላ የሚማረው ከማን ነው እያልክ ማማሰልህን ቀጠልክ። አለምነሽ ዝም ያለችው የቀመሰች ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲያማ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሳህኗን ይዛ በአጥር በኩል ማጮለቅ ሆነ ሥራዋ።

ሥርዓትህን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር ልበልህ። ሐሙስ ማታ ባቄላውን ለቅመህ ትዘፈዝፋለህ። ዓርብ ጠዋት ትጥደዋለህ። ልስልስ ሲልልህ ጨው፣ የተጨቀጨቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት የኑግ ዘይት፣ ከእህትህ ከእንጉዳይ የመጣ ጦስኝ ጣል ታደርግበታለህ። ከዚያ ድስቱን ከነውሃው አውርደህ በዚያ ባረጀ ጋቢህ ጠቅልለህ ጥጉ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ነጠላህን አጣፍተህ ልታስቀድስ ትሄዳለህ። እኔ በጨጓራዬ የተነሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስለተከለከልኩ ቁራሽ ቢጤ ቀምሼ ባቄላውን አንተ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። ትመጣና ገና ነጠላህን ሳታወርድ፣ ድስቱ ተነክቷል? ትለኛለህ። አልተነካም እልሃለሁ። ሁልጊዜ ነው የምትጠይቀኝ። ምነው ይህ ሰውዬ እንዲህ ሰሰተ እያልኩ በልቤ እስቅብህ ነበር። ከዚያ ጥርሴ እንደማይችል ስለምታውቅ ገለባውን እየላጥክ በኔ በኩል ታኖርልኛለህ። አንተ ገለባ ስትልጥ እኔ ስበላ ነው የምናወራው። ስለ ምን እንደምናወራ ብትጠይቀኝ አሁን አንዱም ትዝ አይለኝም፤ ወሬው ግን አያልቅም ነበር።

ስትሞትብኝ ደግሞ ቤቱ ንፍሮ በንፍሮ ሆነ። ድንኳን ውስጥ በየሰፌዱ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይዞራል፤ ኧረ እህል ቅመሺ ይሉኛል፤ አንድ እፍኝ ይሰጡኛል። እሱን እንደጨበጥኩ ቁጭ እላለሁ። እጄ ውስጥ ይቀዘቅዛል እንጂ አይወርድልኝም። ከዚያ ወዲያ ባቄላ ዓይኔ እንዲያይ አልፈለገም። ከማክሰኝት መጨረሻ ያመጣኸው ከረጢት ጓዳ እንደቆመ ከረመ።

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ነው ከረጢቱን የፈታሁት። የመጀመሪያው ዓርብ አንተ እንደምታደርገው ዘፈዘፍኩ፣ ቀቀልኩ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም አልረሳሁም፤ ውሃውን አጠለልኩና ስድስት ሰዓት ሲል ቀረብኩ። ለማን ብዬ እስከ ዘጠኝ ልቆይ? አንድ ፍሬ አፌ ከተትኩ። ባዶ ነገር። ከላይ ጨው ጨው ይላል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። የአንተ የሚመስል ነገር አልነበረበትም። ሳህኑን ገፋ አድርጌ ግድግዳውን ሳይ ዋልኩ።

ለትዕግሥት ብነግራት በስልክ ጨው ጨምሪበት አለችኝ። የተማረ ልጅ! በሚቀጥለው ዓርብ አለምነሽ ቆልተሽ ቀቅይው አለችኝና ቆላሁት፤ እንደ ጠጠር ሆኖ የቀረችኝን ጥርስ ሊያወልቃት ነበር። ከዚያ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ምሥጢሩ ጦስኙ ነው አልኩ። የኔ ጦስኝ ያረጀ ነው፣ የእህትህ ነው ጣዕም ያለው። ደወልኩላት። አያ የሚወደውን ከዳገቱ ራሴ ለቅሜ እልክልሻለሁ አለች፤ አያ ስትልህ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሁለታችንም ስለ ጦስኝ የደወልን ሰዎች አንመስልም ነበር። በአውቶቡስ ሰው አስይዛ ላከችልኝ። ሸጋ ጦስኝ ነው፣ ግቢው ሁሉ ሸተተ። ከጉጉቴ የተነሳ አንድ እፍኝ ሙሉ ጨመርኩበት። ሻይ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ። ባቄላ በሻይ!

የባሰውን ልንገርህና ሳቅ። ፒያሳ ካለው ሱቅ ባለሱቁ ይህን ጣል አድርጊበት፣ ማንኛውም ነገር ይጣፍጣል ብሎ በወረቀት የተጠቀለለች ቅመም ሸጠልኝ። ዓርብ ጠዋት ፈርፍሬ ጨመርኩ። ሲፈላ ሽታው እንግዳ ሆነብኝ፤ መነጽሬን አምጥቼ ወረቀቱን ባየው፣ የዶሮ ሥዕል! በሁዳዴ! በዓርብ! ድስቱን ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩ፤ የምደፋበት ጠፋኝ። አለምነሽ በአጥር በኩል፣ ምነው እናቴ ምን ነካሽ ብላ ስታየኝ ወረቀቱን አሳየኋት። አጥሩን ይዛ ተንከተከተች። እኔም ሳቅኩ። ዞሬ ላንተ ልነግርህ ነበር፤ የምነግረው ሰው እንደሌለ የገባኝ ከሳቄ መሐል ነው። ሳቅ ብቻውን ለሆነ ሰው እንዴት መጥፎ ነገር መሰለህ። ለቅሶውስ ይለመዳል።

እንግዲህ ተስፋ ቆረጥኩ። ከረጢቱ ግርጌ አንድ ጊዜ የምትቀቀል ያህል ቀርታ ነበር። እሷን ቀቅዬ ልጨርስና ከረጢቱን ላጥፈው፣ ለትዕግሥትም እሺ እመጣለሁ ልበላት አልኩ። ያለፈው ዓርብ ጠዋት ጣድኳት። ልስልስ አለች፤ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ለወጉ ያህል ጦስኝ ጣል አደረግሁ። ገና ውሃውን ላጠልል ስል አለምነሽ በሩን ደበደበችው። የታች ሰፈሩ ሽማግሌ አርፈው አስከሬናቸው ሊወጣ ነው፣ ዕድሩ ሰው እየጠራ ነው፣ ምነው ቆምሽ ትለኛለች። አንተ በሞትክ ጊዜ እኒያ ሽማግሌ በከዘራቸው እየተደገፉ ድንኳኑ ውስጥ ሲያመሹ ነበር፤ ባልሄድ ነውር ነው። ድስቱን እንዳለ ከምድጃው አወረድኩት። የአለምነሽ ድመት ክዳን መግፋት ታውቅበታለች፤ የምከድንበት ጨርቅ ፈልጌ ከበሩ ጀርባ እጄ የገባው ያ አሮጌ ጋቢህ ነው። ልብስህን ሳከፋፍል ጥላሸት የነካው፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ነው ብሎ ማንም ያልወሰደው እሱን ነው። ድስቱን ጠቀለልኩበትና ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ርቦኛል፣ ደክሞኛል፣ እግሬ አቧራ ነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወጥ ቤት ገብቼ ጋቢውን ፈታሁ፤ ድስቱ ገና ለብ እንዳለ ነው። ክዳኑን ስገልጥ ያ ሽታ ወጣ። አንድ ፍሬ በማንኪያ አንስቼ አፌ ከተትኩ። አንተን አገኘሁ! እውነቴን ነው የምልህ፣ ራስህን! ጨውና ነጭ ሽንኩርቱ ውስጡ ድረስ ገብቶለታል፣ ውሃው ወፈር ብሎ ወጥ ሆኗል፣ ጦስኙ ከሩቅ ይሰማል። ና ቅመስ! ብዬ ጮህኩ፤ ወደ በሩ ዞሬ፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ። በሩ ክፍት ነው። የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ በላሁ፤ ገለባውን ራሴ እየላጥኩ።

አየህ፣ ጋቢውን ድስቱ እንዳይቀዘቅዝብህ ነበር የምታለብሰው የሚመስለኝ። ድስቱ ተነክቷል ወይ የምትለውንም ስስት ነው ብዬ። ለካ ባቄላው የሚጣፍጠው አንተ ቤተ ክርስቲያን በቆምክባት ሰዓት ኖሯል፤ በገዛ ውሃው፣ በጨለማ፣ ማንም ሳይነካው ጨውና ቅመሙን ቀስ እያለ ሲጠጣ። እኔ ደግሞ የምጠብቀው ሰው ስለሌለኝ ከምድጃ እያወረድኩ አጠልለው ነበር። ምን ጎድሎት እንደነበር ገባህ? ጦስኝ አይደለም። ያንን ሁሉ ጊዜ አብሬህ ስጠብቅ ኖሬ መጠበቁ ሥራ መሆኑን አለማወቄ ይገርመኛል። ምን አለ አንድ ቀን ብትነግረኝ? ግን አንተም እኮ ይመስለኛል ቃል አውጥተህ አስበኸው አታውቅም፤ የእናትህ ቤት እንደዚያ ሲደረግ አይተህ ነው።

ለአለምነሽ በሳህን ወሰድኩላት። ቀመሰችና ለወትሮው እንደዚያ የምትለፈልፈው ሴት ነፍሱን ይማረው ብቻ አለች። ለትዕግሥትም ደውዬ ለፋሲካ ስትመጪ ባቄላ አሳይሻለሁ፣ ስለ ቤቱ ግን ሌላ ጊዜ እናወራለን አልኳት። ዛሬም አላስብበትም። ማክሰኝት ሄጄም አዲስ ባቄላ ገዛሁ፤ አንተ እንደምታደርገው አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰብሬ ልሞክራት ብዬ ጥርሴ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ይህን የምጽፍልህ ዓርብ ነው። ባቄላው በስሏል፣ ጋቢህን ለብሶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ዱካዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ቁራሼን ቀምሻለሁ። ሽታው እያማለለኝ ነው፤ ቢሆንም ግድ የለም። እስካለሁ ድረስ ዓርብ ዓርብ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ሳልቸኩል፣ ሰዓትህን ጠብቄ። እንደማትመጣ ጠፍቶኝ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቀርብ ግን ጆሮዬ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ይሂድ፣ አልከለክለውም። አሁን ደወሉ ተሰማኝ፣ ቅዳሴው ወጥቷል። በመንገዱ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ እየገባ ነው።

አልተነካም፣ ሆዴ። ድስቱ አልተነካም።