ከአቮካዶው ሥር የተቀበሩት ከረጢቶች

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ
ሰኔ 1998 ዓ.ም.

ልጄ ሮሃ፣

እመብርሃን በረገጥሽው ምድር ሁሉ ትቅደምልሽ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምግብ ቤቱም ገበያ አለው። እኔ ግን ልቤ አልረጋም።

ላንድሎርዱ፣ አከራያችን፣ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ሰኞ ግቢውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው። የቅጠል መበስበስን ለምታጠኚበት ጥናትሽ ከአቮካዶው ሥር የቀበርሻቸው የቅጠል ከረጢቶች ያሉት እዚያው ነው። ዝናቡ ሳያባራ እንዳትነኩ ብለሽን ነበር። አባትሽ ይህን ሲሰማ ቸኩሎ አንዱን አወጣው። አክስትሽ አጸደ ደግሞ ጭቃውን ተጸየፈችና ቅጠሉን እንደ ዶሮ ሥጋ በሎሚና በጨው አሽታ አጠበችው! ንጹሕ አድርጋ ስታሳየኝ ጮህኩባት። እስካሁን አንነጋገርም።

"ቅጠሉን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በውስጡ ካለው ካርቦን ከፊሉን ይተነፍሱታል፤ ሲሞቱ ግን ገላቸው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ይቀራል፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው" ያልሽኝን አልረሳሁም። አጸደ አጥባ የደፋችው እሱን ነው።

ስልክሽ አልገባ ስላለኝ ይህን ዛሬ ወዳለሽበት አገር ለሚበረው ለጎረቤታችን ልጅ ለሚናስ ሰጥቼዋለሁ። የሰኔውን ጾም አታጥብቂ፤ ብትከሺ አታየኝም ብለሽ እንዳታታልዪኝ።

አምላክ የድካምሽን ፍሬ ያሳይሽ። ሰኞ ጠዋት ወንበሬን የቀሩት ሁለቱ ከረጢቶች ካሉበት ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ከፈለገ ሲሚንቶውን እኔው ላይ ያፍስሰው! አንቺ ብቻ ደውዪና "ቆፍሪ" ወይም "እንዳትነሺ" በዪኝ።

እናትሽ ምርቃት