ሰነፍ ያልናት ዶሮ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እኛ ደህና ነን፤ ዛሬማ ጮቤ ረግጠናል! ልብሽ እንዳይንጠለጠል ዋናውን ላስቀድምልሽ፤ የልጅ ልጅሽ ክንድ አረንጓዴው ላይ ደርሷል።

ባለፈው የጤና ጣቢያዋ ነርስ የልጅ ክሳት በሚለካበት ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ክንዷን ስትለካት ቢጫው ላይ እንደወደቀች ጽፌልሽ ነበር። ወደ ቀዩ ከወረደች ሆስፒታል ትተኛለች አለችን። ስድስት ወር አልፏታል፣ ጡት ብቻውን አይበቃትም፣ ገንፎዋን ወፈር አድርጉት፣ እንቁላልም ጨምሩበት ብላ መከረችን። አማቴ ግን ቤት እንደገባን፣ አፍ ላልፈታች ልጅ እንቁላል? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም! ብለው ማሉ። እሳቸውን ደግሞ ታውቂያቸዋለሽ፤ ባሌ ራሱ ከጀርባቸው ኮሎኔሏ ነው የሚላቸው። አንዴ ከማሉ አለቀ።

እኔም እልኸኛ መሆኔን አትረሺውም። አንቺ በአውቶብሱ ሹፌር የላክሽልኝ ዶሮ አሮጌው ሳፋ ውስጥ ስትጥል፣ አማቴ ውሃ ሊቀዱ ወጣ እንዳሉ ቶሎ ብዬ እቀቅልና በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጬ ገንፎዋ ውስጥ እደብቀዋለሁ። ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልዬ የምሠራበት ስፌት ቤት ወስጄ እጥለዋለሁ። እንደ ሌባ፣ በገዛ ቤቴ!

ምን ያደርጋል፣ ዶሮዋ ሰነፍ ወጣች። አንድ ቀን ከጣለች በማግስቱ ሳፋው ባዶ ነው። እንዴት እንደሰደብኳት! ባሌማ አንድ እሁድ፣ ይቺ ለመብላት ብቻ ናት፣ አርደን እንገላገል ሲል እኔና አማቴ እኩል አይሆንም! ብለን ጮህንበት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እሳቸው ለዶሮ መቼ ያዝኑና?

ዛሬ ነርሷ ለካች፤ አላመነችም፣ ደግማ ለካች። አረንጓዴ! ብላ ወደ እኛ ዞረችና ምን ብታበሏት ነው አለችን። እኔ ወለል ወለሉን እያየሁ እንቁላል አልኩ። ከጎኔ አማቴም ጉሮሯቸውን ጠርገው እንቁላል አሉ። ወይ ጉድ! ተፋጠጥን። ለካስ የሆስፒታሉን ነገር ሲሰሙ እሳቸውም እንቅልፍ አጥተው ኖሯል፤ ግን ምለዋል፣ በምን አፋቸው ይመለሱ? ቀድመውኝ በተነሱ ቀን እንቁላሉን በቀሚሳቸው ኪስ ከተው፣ እኔን ወደ ሥራ ሸኝተው ያበሏት ነበር። ቅርፊቱንማ ፈጭተው ለራሷ ለዶሮዋ! ምስኪኗ ዶሮ በየቀኑ ስትጥል ነው የከረመችው። ነርሷ በሳቅ ፈነዳች፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ነርሷ ግን እኔንም አልለቀቀችኝም፤ እናቲቱስ ምን ትበላለች አለች። አፌን ሳልከፍት አማቴ፣ ማታ ማታ ሳቀርብላት ስፌት ቤት በልቻለሁ ነው የምትለኝ አሉ። ነርሷም፣ የምታጠባ እናት እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት፣ ለመሆኑ ስፌት ቤት ምን ትበያለሽ ስትለኝ የልጄን መጠቅለያ ማስተካከል ያዝኩ። ቤት ስንገባ አማቴ ሳህኑን ሞልተው ከባሌም በፊት ለእኔ አቀረቡ፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለውም እስክጨርስ ጠበቁኝ። እያለቀስኩ በላሁ እማዬ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ግን ደስታ ብቻም አልነበረም።

በልቻለሁ ማለትን ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ። ከገበያ ስትመለሺ ድስቱን ወደ እኛ ገፋ አድርገሽ፣ እኔ እዚያው በልቻለሁ ትዪን ነበር። ዶሮዋን ስትልኪም ሌሎች አሉኝ ብለሽ ነበር። ሹፌሩ ግን ባለፈው አንቺ ጋ ሲመጣ የዶሮ ቤቱ ውስጥ እንጨት ተደርድሮ እንዳየ ነገረኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ቄቦች ይደርሱሻል፤ ሊጥሉ ተቃርበዋል። መርጠው የገዙልሽ አማቴ ናቸው፣ እንቁላሉን አደራ እንዳትሸጪው ብለዋል። እኔም አደራ አለኝ፤ መልስ ስትጽፊ በልቻለሁ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ፤ የልጅ ልጅሽን ለመዳር ያብቃሽ።

ዛሬ ጠግባ የበላች ልጅሽ