ቦታ የያዘ ድንኳን

ሂልማር፣ ካሊፎርኒያ
ጁን 11 ቀን

ልጄ ዱዋርቴ፣

አንተም፣ ጆአናም፣ ትንሿ ሊዲያም እንደምን ከረማችሁ? ጃፓን ዝናብ ገብቷል ብለኸኝ ነበር፤ የልጅቷ ሳል ለቀቃት? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ንዴት እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም።

የካምፑን ቦታ አላገኘሁም። ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። በጽሑፍ ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ብጮህ ልጅቷ አትሰማኝም።

በጁላይ ከባሕር ኃይሉ ፈቃድ ስትወጣ ቤት እንደማትመጣ፣ ወንዙ ዳር እንደ እናትህ ጊዜ ድንኳን ተክለን እንድንገናኝ፣ ካልሆነ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሳን ዲዬጎ ወደ ጆአና ወላጆች እንደምትሄዱ ነግረኸኛል። እሺ ብዬ ሥራዬ ብዬ ይዤው ነበር።

ወንዙ ዳር ያሉት የአብዛኞቹ ካምፖች ቦታ የሚለቀቀው ከወራት በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በኢንተርኔት ብቻ ነው። የኔን ስልክ ስለማላምነው ቪርጂኒዮን፣ ያን የወተት ቦቴ አብሮኝ ሲነዳ የኖረውን፣ ከነስልኩ ይዤው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀመጥን፤ እዚያ ኔትወርኩ አይቆራረጥም። ሰዓቱ ሲደርስ አማተብኩና ተጫንኩ። አንድ ቦታ እንኳ አልቀረም።

ቪርጂኒዮ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «አንተ አማትበህ እስክትጨርስ ሎስ አንጀለስ በሙሉ ገብቶ ተኛበት» አለኝ።

«አንተስ ሳታማትብ የት ደረስክ?»

«እኔማ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ብሎኝ የትራፊክ መብራት ስመርጥ ቀረሁ።»

ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን መቁጠሪያዬን ስይዝ አፈርኩ። ያን ጠዋት የለመንኩት ሌላው ሰው እንዲያጣ ኖሯል። እመቤታችን የማንን ሰምታ የማንን ትተወው? እንዲህ ብዬ ራሴን ብወቅስም ንዴቴ አልበረደም። ልጅ ሳለህ እናትህና እኔ አንተን ይዘን፣ ዓርብ ከሰዓት ብርድ ልብሱን ፒካፑ ላይ ወርውረን፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰውዬ ሰላም ብለን የምንገባበት ቦታ ነበር። ጥዱ ያው ነው፣ ወንዙም ያው ነው። ሰው መሬት ላይ ጋደም ለማለት ከማሽን ጋር እሽቅድምድም መግባት አለበት?

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። የኛው የድሮው ካምፕ እስካሁን ቀድሞ ለደረሰ ነው የሚሰጠው። በጁላይ እንዴት እንደምንይዘው ልየው ብዬ ሰኞ ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ወጣሁ። ስደርስ መኪናው ተሰልፏል። ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች ሴትና ባሏ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ካምፑን የምትጠብቀው ሴትዮ «ሞልቷል» አለቻቸው። ልጁ እያለቀሰ መኪናቸውን አዙረው ወረዱ።

እኔ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ገባሁ። እናትህ የልብስ ማስጫ ገመድ የምታስርባቸውን ሁለት ጥዶች ታስታውሳለህ? መካከላቸው ድንኳን ተተክሏል። መኪና የለም። ምድጃው ውስጥ አመድ የለም። የጥዱ ቅጠል ረግፎ የድንኳኑን ጣሪያ ሸፍኖታል። ደሜ ፈላ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ካስማ ነቀልኩት። ሁለተኛውን ስይዝ ሴትዮዋ ደረሰችብኝ።

«ጌታዬ፣ እጅዎን ያንሱ።»

«እዚህ የሚያድረው ማነው?»

«ለጊዜው ማንም። ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

«ከፍለዋል። ለአለቆቼ ተናግሬ ነበር፤ የተከፈለበትን አትንኪ አሉኝ። እኔ በነጻ የማገለግል ጡረተኛ ነኝ። ሊጣሉኝ ከሆነ መጀመሪያ ቁርሴን ልብላ።»

«ሕፃን የያዘች ሴት መልሰሽ፣ ባዶ ጨርቅ ታስተኛለሽ?»

ፊቷ ቀላ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሚመጣላቸው ሰው አለ፤ ቦታ ይዘው እየጠበቁ ነው» አለችኝ። «እርስዎም ሰው የሚጠብቁ ከሆነ እንደነሱ ያድርጉ። ሳምንት ቀድመው መጥተው ይትከሉና ቤትዎ ይሂዱ። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

ዱዋርቴ፣ አልዋሽህም፣ ተመኘሁት። ቆሜ አሰብኩበት። ከዚያ ያ ሕፃን ትዝ አለኝ። እናንተን ለማየት ብዬ የሰው ልጅ እንዲህ ከደጅ እየተመለሰ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ቋሊማ ልጠብስ? አልችልም። የነቀልኩትን ካስማ በድንጋይ መትቼ መለስኩትና ወረድኩ። ስለዚህ ቦታ የለንም። ያጣነው ደግሞ በእኔ ምክንያት ነው።

ቤት ስደርስ ቪርጂኒዮ አትክልቱን ሊያጠጣልኝ መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ የተከልኩት ድንኳናችን አጠገብ ቆሟል።

«ሣሩ ከሥሩ ሞቷል» አለኝ። «ከማርች ጀምሮ ምን እየሠራህበት ነው?»

«ዚፑን እየፈተሽኩ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ ዚፕ?»

በድንኳኑ መስኮት መረብ ውስጥ ትራሴን አየው መሰለኝ። የውሃውን ጎማ ጠቅልሎ «ነገ ጠዋት ቡና ይዤልህ እመጣለሁ» ብሎኝ ሄደ።

በአንተም ተናድጃለሁ። በእናትህ ቀብር ዕለት በረንዳው ላይ ቆመህ «እዚያ ቤት አልገባም፣ አባዬ» ስትለኝ አልተቆጣሁህም። ግን አባትን ለማየትም ከወራት በፊት ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል? ወንዝ ዳር ያልሆነ አባት አባት አይደለም? ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ይቆይ።

ያቺ ሴትዮ ያለችው ከራሴ አልወጣ ብሏል። እኔም ለካ ቦታ ይዤ እየጠበቅኩ ነው። ልዩነቱ፣ ከእኔ ግቢ ቦታ አጥቶ የሚመለስ ሰው የለም።

ቤት ግባ አልልህም። የጎኑን የብረት በር ታውቀዋለህ፤ ከመንገዱ በቀጥታ ግቢው ውስጥ ያስገባል፣ የቤቱን በር መንካት አያስፈልግም። ድንኳኑ አራት ሰው ይይዛል። ሊዲያ መሃል ትተኛ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከብት ሲጮህ እንዳትደነግጥ ንገሯት፤ የጎረቤት ላሞች ሊታለቡ ሲነዱ ነው፣ ወዲያው ዝም ይላሉ። እኔ በዚፑ በኩል እሆናለሁ። ከማርች ጀምሮ በጨለማ አከፋፈቱን ለምጄዋለሁ።

መርከብህ ያለችበትን ባሕር እግዚአብሔር ጸጥ ያድርግላችሁ። የእመቤታችን ጥላ በሦስታችሁ ላይ ይሁን። ደብዳቤ ሲታሸግ የሊዲያን ስም የምትስመው እናትህ ነበረች፤ ዛሬ እኔ ስሜዋለሁ።

አባትህ
አንሴልሞ ፉርታዶ