የድንጋይ ብይ ሰብሳቢው የአቶ ዘመንፈስቅዱስ ገብረ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያም ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጥሻቸው ዘርጋ ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ መሳለሚያ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ የከተሙ ሲሆኑ፣ አባታቸው እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ፣ እናታቸው በርበሬ ነጋዴ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያው ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከዚያም በአካባቢያቸው በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አስረኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። በብይ ግን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስለቀሱ ስለነበሩ፣ ታናሽ እህታቸው፣ ማለትም የእኔ የጸሐፊዋ የቲና እናት፣ «የወንድሜ ሱሪ ከኪሱ ክብደት የተነሳ በገመድ ካልታሰረ አይቆምም ነበር» እያለች ታስቀናለች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ። ውሻ ይፈራሉ፣ ነጎድጓድ ይፈራሉ፣ የእሳት አደጋ መኪና ድምፅ ከሰሙ የማን ሱቅ እንደተቃጠለ እስኪያውቁ ምግብ አይወርድላቸውም። ፈሪ ለእናቱ እንዲሉ ወይዘሮ በለጥሻቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦሯቸው እሳቸው ናቸው።

አባታቸው በ1967 ዓ.ም. በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ሥራ ገቡ። ለጥቂት ዓመታት በሰው ሱቅ ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ በ1970 ዓ.ም. መሳለሚያ ላይ አዝራር፣ ክርና ዚፕ የሚሸጡባት የራሳቸውን ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። የመርካቶ ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያውቃት ሱቅ እሷ ነች።

ድንጋይ ብይ መሰብሰብ የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። አሮጌ አዝራር ፍለጋ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሲዞሩ፣ የዛገ ምስማር በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ድቡልቡል ነገር አገኙ። ቡናማ ሆና ዙሪያዋን ነጭ ቀለበት ዞሯታል። የመስታወት ብይ መስላቸው ጉንጫቸው ላይ ሲያስጠጓት ቀዘቀዘቻቸው፤ በመዳፋቸው ይዘዋት ብዙ ቆይተውም ቶሎ አልሞቀችም። የወሎው ተወላጅ ብር ሠሪ ጋሼ ይመር አይተዋት፣ «ይቺ አቂቅ ናት። ሙስሊሙ ለቀለበት የሚወዳት ድንጋይ። ብርሃን ላይ አዙራት፤ የእጅ ሥራ ናት» አሏቸው። ብርሃን ላይ ሲያዞሯት መልኳ ሙሉ ለሙሉ ልሙጥ አልነበረም። አንድ ሰው በጥንት ጊዜ፣ በባሕር ማዶ፣ በሚዞር ሞረድ ላይ ጥቂት በጥቂት እየሳለ ያድቦለቦላት መሆኗን የሚያሳዩ ደቃቅ ጠፍጣፋ ገጾች ነበሯት። በአብዮቱ ጊዜ ከአገር የወጡ የውጭ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ሲበትኑ የልጆቻቸው መጫወቻ ምናለሽ ተራ ወድቆ እንደሆነ ጋሼ ዘመንፈስቅዱስ ይገምቱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሷን የመሰለ ፍለጋ አላቆሙም። አንዳንዴ ዓመት ሙሉ ፈልገው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ያገኙት ተሰብስቦ አንዲት ትንሽ ከረጢት እንኳ ጢም አድርጎ አይሞላም።

በ1973 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው መቅደላዊትና ስንታየሁ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል። ወይዘሮ ውባንቺ ይህ ነገር በቀብር ላይ እንዲነበብ ፈቅደውልኛልና የመጡበትን ቤት ነገር ልናገር። የወይዘሮ ውባንቺ እናት ጨሌ ነበራቸው። ለማያውቀው ወጣት፣ ጨሌ ውቃቢ ያደረበት ዶቃ ነው ይባላል። ሽቶና ቅቤ ይቀባል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ከልጆቹ አንዱን መርጦ ይወርድበታል። የተመረጠው ይታወቃል፤ ይታመማል። እናታቸው በሞቱ በሳምንቱ የወይዘሮ ውባንቺ ታላቅ እህት ትኩሳት ያዛት። ጨሌው ወርዶባት ነው ተብሎ ማንም ወደ ክሊኒክ ሳይወስዳት፣ ሰው ውቃቢውን ሲለምንና ሲለማመን ሰንብቶ እሷ አረፈች። ወይዘሮ ውባንቺ ዶቃውን በገዛ እጃቸው ወንዝ ጥለው አዲስ አበባ መጡ። ድቡልቡል ነገር በጨርቅ ተቋጥሮ ሲያዩ ቤት ጥለው የሚወጡት ከዚያ ጀምሮ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ እያወቁ ምን አደረጉ? ብዮቻቸውን ከልብስ ሰፊ በተረፈ ቀይ ከፋይ በሰፉት ከረጢት አስቀመጡ። ጋሼ ይመር «ቀለሙ እንዲወጣ ትንሽ ቅባት ነካ አድርግለት» ስላሏቸው ሽቶ ያለው የፀጉር ቅባት ገዙ። ሚስታቸው እንዳይደነግጡባቸው ብለው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ገበያ ሲወጡ ጠብቀው፣ በር ዘግተው፣ ጨርቅ ላይ ደርድረው፣ ብዮቹን እየቀቡ ያናግሯቸው ጀመር። እንግዲህ ቀይ ከረጢት፣ ሽቶ፣ የተዘጋ በር፤ ባለ ውቃቢ ለመባል ከዚህ በላይ ምን ይጎድላል? የግቢው ሰው በመስኮት አየ። ያየ ላላየ ነገረ። ነፍሰ ጡሮች በሱቃቸው በር ማለፍ ተዉ። እትዬ ውባንቺም ከረጢቱን ያገኙት ዕለት ሁለቱን ሕፃናት አዝለውና ይዘው ወደ እኛ ቤት ሸሹ። በሽማግሌ ታረቁ፤ ከረጢቱ ሱቅ እንዲያድር ተስማሙ። ጋሼ ለሽማግሌዎቹ «ብይ ነው፤ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው ምለዋል። ያመናቸው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ስለ ብይ ሲምል ማን ያምናል?

በ1987 ዓ.ም. ታናሿ ልጃቸው ስንታየሁ በዘጠኝ ዓመቷ እቤት ውስጥ እየተጫወተች ሳለ ድንገት ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ። ሐኪም የሚጥል በሽታ ነው፣ በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ አለባት አለ። ሰፈሩ ግን የራሱን ምርመራ ከጨረሰ ቆይቷል። እትዬ ውባንቺ ልጃቸውን ይዘው ጸበል ወረዱ። እዚያም መድኃኒት ከጸበል ጋር አይሄድም ስለተባሉ ኪኒኑን አቋረጡ። ልጅቷ ባሰባት። በዚያ ክረምት ሞታ እንዳታድር የፈራነውን ፍርሃት እኔም አስታውሰዋለሁ፤ እሷ ጋ ስተኛ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው።

የአጎቴ ፍርሃት ግን ከሁላችን ይብስ ነበር። እሳቸው ልጃቸው እንዳትሞት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው የሚለው ውስጥ እውነት እንዳለ ይፈሩ ነበር። ከረጢቱን ይዘው ሊጥሉ ወጥተው የተመለሱበት ቀን አለ። ለምን እንደተመለሱ እናቴ ስትጠይቃቸው፣ «ከጣልኩት እኮ፣ እኔም አምኛለሁ ማለት ነው። እኔ ካመንኩ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል?» አሏት። ከዚያ የንስሐ አባታቸውን ሱቅ ድረስ ጠርተው ከረጢቱን ገለበጡላቸው። አባም አንዷን አንስተው፣ አገላብጠው፣ አውራ ጣታቸው ላይ አስቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ሌላ ብይ ፈነጠሯት። አልሳቱም። «ብይ ነው» አሉ። ቀጥለውም ለማንኛውም ብለው ጸበል ረጩበት። እትዬ ውባንቺንም «ጸበሉን ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትዋጥ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» ብለው ገዘቷቸው። እትዬ ውባንቺ ግዝቱን አከበሩ፤ ኪኒኑን ግን በእጃቸው አልነኩም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ኪኒንና ውኃ ይዘው የስንታየሁን በር የሚያንኳኩት አባቷ ሆኑ። ትምህርቷን ስትጨርስም፣ ሥራ ስትይዝም፣ ትልቅ ሰው ሆናም ያንኳኩ ነበር።

ስንታየሁ እነዚያን ብዮች የምትወድ ብቸኛዋ ልጅ ነበረች። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ሁሉ ወራሽ ይመኛል፤ አጎቴ ግን ወራሽ የሚለውን ቃል እንደ እሳት ይሸሹት ነበር። ለእሷ ካወረሷት፣ ሰው ወረደባት ይላል። ሰው ወረደባት ካለ ደግሞ እሳቸው በሌሉበት ማን መድኃኒት ይሰጣታል? በመጨረሻዎቹ ዓመታት በዓል ላይ ስንሰበሰብ ሁሉ ይቺን ብቻ ነበር የሚሉት፤ «እኔ ስሞት ያቺን ልጅ እንዳትለማመኗት።» እኛም «ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ምን ሞት ያስጠራዎታል» እያልን እንሸሻቸዋለን። እውነቱን ለመናገር፣ ሱቅ የሚያድረውን ከረጢት እያሰብን ነበር የምንሸሸው።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ዓርብ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ስንታየሁ ከአጠገባቸው አልተለየችም። እንቅልፍ አላገኘችም፤ በሯን የሚያንኳኳላት ሰው አልጋ ላይ ስለዋለም መድኃኒቷን ዘነጋች።

አስከሬናቸው ተገንዞ ለቅሶው ሲጀመር ስንታየሁ በሰው መሐል ወደቀች።

አንድ ድምፅ «ወረደባት!» አለ፤ ቤት የሞላው ሰው እየተጋፋ በር ላይ ተገኘ። ከደጅ «ድንጋዩን ጣሉት! ሬሳው ሳይወጣ ጣሉት!» የሚል ጩኸት መጣ። «ምን ፈልገህ ነው? ንገረን!» እያሉ ልጅቷን ሳይሆን በውስጧ አለ የሚሉትን የሚለምኑም ነበሩ። እኔ ይህን የምጽፈው ቲና ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። ከተቀመጡበት የተነሱት እትዬ ውባንቺ ናቸው። ባላቸው ሲያደርጉ ለሠላሳ ዓመት በሩቅ ሆነው ያዩትን አደረጉ። ነጠላቸውን ጭንቅላቷ ሥር አስገቡ፣ በጎኗ አስተኟት፣ አጠገቧ ተቀመጡ። የሚለማመኑትን ቀና ብለው አይተው፣ «እህቴን እንዲህ እያላችሁ ነው የገደላችሁብኝ። ልጄ በሽተኛ ናት። መድኃኒቷን አምጡ!» አሉ።

ስንታየሁ ተረጋግታ ዓይኗን ስትገልጥ፣ እናቷ ኪኒኑን በገዛ ጣቶቻቸው ይዘው አጎረሷት። ውኃው ከብርጭቆው እየፈሰሰ ነበር። ፍርሃታቸው ለቋቸዋል አልልም፤ እኔንም አልለቀቀኝም። ቀዩ ከረጢት ግን ወንዝ አልተጣለም። እትዬ ውባንቺ ለልጃቸው ሰጥተዋታል፤ ይህ ሲነበብ ከፊታችሁ ቆማ በእጇ የያዘችው እሱን ነው።

አቶ ዘመንፈስቅዱስ የዕድራቸውን ስብሰባ የማያጓድሉ፣ የቸገረው ልብስ ሰፊ ክር በዱቤ ወስዶ ቢጠፋ መንገድ ላይ ሲያገኙት እሳቸው የሚያፍሩ፣ ከሁሉም በላይ እየፈሩ የሚገባውን ያደረጉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውባንቺን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ከመቅደላዊት ያዩዋቸውን ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ቅዳሜ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ስንታየሁ እንዳትመጣ የመከራችሁን ዘመዶች ምክራችሁን ሰምተናል፤ መጥታለች። አባቷን ትቀብራለች። አፈር ሲለብስ ምናልባት ደግሞ ትወድቅ ይሆናል፤ ሐኪሙም ሊሆን ይችላል ብሏል። ከወደቀች፣ እባካችሁ፣ ፍሩ ግን አትሽሹ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቷት፤ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ። በጎኗ አስተኝታችሁ ጭንቅላቷን ደግፉና ጠብቁ፤ ይመለስላታል። የሚለማመን አይኑር።

እየፈሩ ሌላውን ያላስፈሩትን የጋሼን ነፍስ እግዚአብሔር ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ስጋት በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን። ልጃቸው ከወደቀች ደግሞ፣ ስትነቃ ስሟን ጠርታችሁ «አይዞሽ ስንታየሁ፣ እዚሁ ነን» በሏት።