ለእማዬ፣ ስለ ሁለቱ ቀዳዳዎች

ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ወገብሽ እንዴት ነው? የልብስ ማጠቢያው ክፍል እንፋሎት እጅሽን አሁንም ያሳክክሻል? የማታ ተራ ሲደርስሽ ማን ይሸኝሻል? በደንብስ ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ደህና ነን፣ አባዬ ስልክ ላይ እንደሚለው ዓይነት አድርገሽ እንዳትወስጂብኝ፤ የራሴ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ፣ ከአባትሽ አፍ ሳይሆን ካንቺ ካልሰማሁ አላምንም፣ ልጆቼ በዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ የሚቸገሩ ከሆነ እህቴን ልኬ አስወስዳችኋለሁ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ስልክ ስይዝ ምላሴ ይታሰራል። እሺ ብቻ አልኩሽ። ምኑን እሺ እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ወረቀት አያጣድፈኝም።

ያለነው ኮረብታው አናት ላይ፣ አባዬ ከሚበይደው ትልቅ የውሃ ታንከር ሥር ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሜዳው ላይ ሰፍረናል። ያ ዕቃ ይጫንበት የነበረው ዝግ ተሳቢ ቤታችን ሆኗል። በአንድ በኩል እኔና ወንድሜ ድንቡሼ የምንተኛበት ተደራራቢ አልጋ፣ በሌላው በኩል የአባዬ አልጋ፣ መሃሉ ላይ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ቦታ አለ። አባዬ ከመነሳታችን በፊት መገጣጠሚያውን ሁሉ ደግሞ በየደው፣ የበሩንም ዙሪያ በጎማ ከበበው። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ውስጡ አስገብቶኝ በሩን ዘጋና፣ ብርሃን የሚገባበት ካየሽ ጣትሽን አድርጊበት አለኝ። አንድም አልነበረም። ጉንዳን እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትገባው አለ። ደስ ሲለው ታውቂው የለ፣ ያፏጭ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሊመሽ ሲል ብርዱ መጣ። ብርድ ስልሽ የናንተን ሰፈር ብርድ እንዳይመስልሽ፤ ይሄኛው ከወለሉ ተነስቶ በእግር ጣት ገብቶ በጥርስ የሚወጣ ነው። የአባዬ የሥራ ጓደኛ፣ ቀለም ቀቢው፣ የሚያድረው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ለእራት ግን እኛ ጋ ይመጣል። ያን ቀን ከሰል አቀጣጥሎ ከነምድጃው ይዞ ገባ። አባዬ ሊመልሰው ነበር። ቀለም ቀቢው ግን ጭሱ እኮ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ ፍም ማንን ገደለ አለው። አባዬም አመነው። ያን የመሰለ በሩን ዘጋው።

አልዋሽሽም፣ ጥሩ ሞቀን። ቀለም ቀቢው ቀልዱን ያወርደዋል። ድንቡሼ ግን ዝም አለ። እማዬ፣ ድንቡሼ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ልጅ ተኝቶ እንኳ ያወራል። ራሱን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጎ ራሴን አለኝ። የኔንም ራስ ግራና ቀኙን ይወጋኝ ነበር። አባዬ በላይ በላዩ ያዛጋል። ቀለም ቀቢው የጀመረው ቀልድ መጨረሻው ጠፋው።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከሰል ቤት ውስጥ ካለ በሩን በጀርባሽ ደግፈሽ ትቆሚ ነበር። በረደን ስንልሽ፣ ብርድ ቢበዛ ያስነጥሳችኋል፣ ከሰል ግን ሳያስነጥስ ይወስዳል ትዪን ነበር።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። አባዬ ዝጊው እንጂ፣ ሙቀቱ ወጣ እኮ አለኝ። አልዘጋሁም። ልናገር ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ጀርባዬን በሩ ላይ ደግፌ ቆምኩ። ልጄ ምን ነካሽ ሲለኝ፣ ሳያስነጥስ ይወስዳል አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ስለወጣ ራሴው ደነገጥኩ። አባዬ እኔን አየኝ፣ ድንቡሼን አየ፣ ከዚያ ልጁን አቅፎ ዘሎ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው።

ንፋስ ሲመታው ድንቡሼ አስታወከ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዳቦ የለም ወይ አለ። የሱ ዳቦ መጠየቅ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባዬ ግን አላመነም፤ ሁላችንንም መኪናው ላይ ጭኖ ጤና ጣቢያ ወረደ። ነርሷ ለድንቡሼ ኦክስጅን አደረገችለት፣ እኛንም አየችን። ከዚያ አባዬን፣ በሩ ባይከፈት ኖሮ ለኔ ሥራ አትተዉልኝም ነበር አለችው። እዚያው አደርን። ስንመለስ አባዬ በመንገዱ ሁሉ አላፏጨም።

እንደደረስን መሰርሰሪያውን አውጥቶ ያን ጉንዳን የማያስገባ ግድግዳ በሳው። አንዱን ከታች ወለሉ አጠገብ፣ ሌላውን ከላይ ጣሪያው ሥር። የገዛ ጥርሱን የሚነቅል ይመስል ነበር። በታችኛው ንጹሕ አየር ይገባል፣ በላይኛው የታፈነው ይወጣል። ቀጥሎ ከወፍራም ብረት ትንሽ የእንጨት ምድጃ ሠራ፤ በሩ ግጥም ይላል፣ ጭሱም በቱቦ በጣሪያው በኩል ይወጣል። ግድግዳው እንዳይግል ከኋላው ቆርቆሮ አቆመለት። ብርድ ልብስና እርጥብ ልብስ እንዳይጠጋው ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ፤ ድንቡሼ መስመሩን ድንበር ብሎት ያለፈውን ሁሉ ይቀጣል። እሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ከመተኛታችን በፊት እሳቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚያሞቀን በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን፣ በሹራብ ጠቅልለን እግራችን ሥር የምናደርገው ሙቅ ውሃ ነው። ወለሉንም በካርቶንና በስፖንጅ ደለደልነው፤ ብርዱ ከታች ነበር እኮ የሚመጣው።

የሚያስቀው ማንቂያው ነው። የከሰል መርዝ ሲሸተው የሚጮህ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነው፣ ትራሳችን አጠገብ አለ። አባዬ ስሟን አማቴ ብሏታል፤ ጥፋቴን ስትጠብቅ ነው የምትውለው ይላል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር፤ አያቴ ብቻ እንዳትሰማ።

ባለፈው እራት ላይ ጮኸች። ሁላችንም ወጣን። አባዬ በሩን በርግዶ እሳቱን ካጠፋ በኋላ ቱቦውን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ በመጨረሻ ከታችኛው ቀዳዳ የቀለም ቀቢውን ካልሲ መዘዘ። እግሬን በረደኝ እኮ አለ ቀለም ቀቢው። አባዬ ካልሲውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ አማቴ የጮኸችው በጋዙ ነው ወይስ በዚህ አለው። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ቀዳዳዎቹን የማየው እኔ ነኝ። ቀለም ቀቢው በፊት ዝምታ ነበር የሚለኝ፣ አሁን አለቃዬ ይለኛል።

የከሰሉን ነገር ልጻፍላት ወይ ብዬ አባዬን ጠየቅሁት። ከጻፍሽላት ትወስዳችኋለች አለኝ። ከዚያ ደግሞ ጻፊላት፣ እኔም አላነበውም ብሎ ወደ ታንከሩ ሄደ።

እማዬ፣ አክስቴ ቤት ጥሩ አልጋ እንዳለ አውቃለሁ። ግን እዚያ እኔም እንደ ጉንዳኗ አስፈቅጄ ነው በር የምከፍተው። እዚህ ሳልጠይቅ እከፍታለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር የሆነውን ብቻ ልነግርሽ እንጂ እዚሁ ተዪን ብዬ ልለምንሽ አልነበረም። ይኸው ለመንኩሽ።

አብራሽ የምትኖረውን ፀጉር ሠሪ ሰላም በይልኝ፤ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አከራይሽንም፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ ብላለች በያቸው። ድንቡሼ ጥርሱ መነቀሉን ንገሪልኝ ብሏል። ቀለም ቀቢው ሰላም ይልሻል፣ ካልሲውን ግን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር።

የአባዬ ሰላምታ ቀረ ብለሽ እንዳትቀየሚ፤ ሥራ ላይ ስለሆነ አልጠየቅሁትም። ግን አሁን ታንከሩ ላይ ሆኖ ያፏጫል። በላይኛው ቀዳዳ በኩል ይሰማኛል።

ልጅሽ

ከኮረብታው፣ ከተሳቢያችን ውስጥ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ