ከዚህ የቀለለ የለም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21፣ 1996

አልያዝ አለኝ። ጠመንጃዬን ከሣጥኑ አውጥቼ ወደ ትከሻዬ ሳነሳው ግራ እጄ መንገድ ላይ ከዳኝ። ሦስቴ ሞከርኩ። በአራተኛው አፈሙዙ የጠረጴዛውን መብራት ጣለው። ባለቤቴ አስቴር በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ስብርባሪውን ጠረገች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የአንገት ነርቭ ነው፣ ክንድህ ወደ ድሮው ላይመለስ ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። ለጋሽ በቀለ አልነገርኳቸውም። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ወፍ ሳድን ኖሬ አሁን ጠመንጃ ከበደኝ ልበል? ቀለል ያለ እገዛለሁ፤ አለቀ።

ማክሰኞ

የምፈልገው፦
ክብደቱ ከስድስት ፓውንድ (ሦስት ኪሎ ገደማ) የማይበልጥ። የእኔው ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረው።
ሰሚ አውቶማቲክ፣ ጥይቱን ራሱ የሚያጎርስ። ቀላል ጠመንጃ ትከሻ ይመታል፤ ይኼኛው ግን ምቱን ያበርዳል ይላሉ።
ሃያ ጌጅ፣ አፈሙዙ ጠበብ ያለ። ጋሽ በቀለ የሕፃን መጫወቻ ይሉታል። ይበሉ።

ቶሎ መግዛት አለብኝ። እዚህ አሜሪካ ከገዙ በኋላ ጠመንጃውን እስኪረከቡ ሕጉ የሚያስጠብቀው ቀን አለ። አደኑ ኖቬምበር ላይ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ የነቢያት ጾም ይገባል። ለእኛ ያለችን ሁለት ቅዳሜ ናት።

ረቡዕ

ጋሽ በቀለ ሳን ሊያንድሮ ካለው ቤታቸው ደወሉ። "ቢላህን ሞርደሃል?" አሉኝ። የተመታ ወፍ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን፣ በስመ አብ ብለን ካላረድነው በክት ነው፤ አስቴር አትነካውም። አሜሪካኖቹ ቢላ ይዘን ስንሮጥ ሲያዩ ይስቁብናል።

"አዎ" አልኳቸው። ቢላውን ከዓምና ወዲህ አላየሁትም።

ሐሙስ

ሳን ሆዜ፣ ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ። ሻጩ ትሑት ሰው ነው። ሰባት ፓውንድ ሰጠኝ፣ ቀጥሎ ስድስት ተኩል፣ ቀጥሎ ከስድስት በታች፣ ያማረ የጣልያን ሥራ። ትከሻዬ ላይ ደግፌ እስከ ዘጠኝ ቆጠርኩ፤ ክንዴ ወረደ።

"ከዚህ የቀለለ የለንም" አለኝ። ቆይቶ በደግነት "ለልጅህ ነው?" አለ።

አዎ አልኩት። ልጅ የለኝም።

መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ስመርጥ የሰነበትኩት ጠመንጃ ነው፤ የከበደኝ ግን እጄ ነው። እጅ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ አበቃልኝ።

ዓርብ

ሄጄ ለጋሽ በቀለ ነገርኳቸው። 

"እኔም የምነግርህ አለ" አሉ። ጉልበታቸው አልቆ መሮጥ ካቃታቸው ሁለት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለአስቴር ብለው የሰጡኝ ወፎች፣ እሳቸው እስኪደርሱ ሞተው ነበር። "የሞተ አንገት ቆርጬ ነው የሰጠሁህ። በክት አበላኋችሁ፣ መኮንን። ጉልበቴ ማለቁን ካወቅህ ሌላ የአደን ጓደኛ ትፈልጋለህ ብዬ።"

ልቆጣ ፈለግኩ፤ አቃተኝ። እኔስ ሳምንቱን ሙሉ ስዋሽ አይደል የከረምኩት?

ስወጣ "እግርህስ ደህና ነው?" አሉኝ።

ቅዳሜ

እግሬ ደህና ነው። ቀኝ እጄም። ቢላውን ሞረድኩት። እሳቸው ይተኩሳሉ፣ እኔ እሮጣለሁ። ጠመንጃ የሌለው አዳኝ ይባላል? እንጃ። ጠመንጃዬን ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት።

ጋሽ በቀለ ለንስሐ አባታቸው ይናገራሉ። ለአስቴር መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ።

ምሳ ላይ ቢላውን አየችና "ዘንድሮም ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበት" አለችኝ።

እደርስበታለሁ አልኳት። ስላለፉት ሁለት ዓመታት ወፎች ግን አልነገርኳትም።