ጠበል የጠጣው ኮምፒውተር

ይድረስ ለወንድምዬ ለገድሉ፤ አዲስ አበባ እንዴት ይዛሃለች? እኛ፣ ከአባባ ቁጣና ከጣና ትንኝ በቀር፣ ተመስገን ደህና ነን።

ኮምፒውተሩን ገጣጠምሁት! ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ርካሹ የቻይና ነው፤ ሌላው ዕቃ ከአሮጌ ሰርቨር የተነቀለ ነው። ማራገቢያው ሲነሣማ ሞተር ጀልባ ቤት የገባ ይመስላል። አባባ መሪጌትነታቸው ተነሣባቸውና «በስመ ሥላሴ፣ ልቀቅ!» እያሉ ለእማዬ ከቁንዝላ ያስመጡትን ጠበል ረጩበት። ወዲያው ጭጭ አለ።

«አየሽ፣ ለቀቀ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

አዎ፣ ለቀቀ፤ ማዘርቦርዱም ተቃጠለ።

ያዘነችው እማዬ ናት። አልጋዋ አጠገብ ነበር ያስቀመጥሁት። «ጩኸቱ ሳሌን ይሸፍንልኝ ነበር፤ አባትሽም እንቅልፍ ያገኙ ነበር» አለችኝ። በስልክ መልክህ አልለይ ስላላት፣ በትልቁ ስክሪን ላሳያት ነበር አሳቤ። አሁን ጠዋት ጠዋት «ተሠራ?» ትለኛለች። ሻጩ ሌላ ማዘርቦርድ እስኪመጣ ከወር በላይ ይፈጃል ብሎኛል። እኔ ግን «ነገ ይደርሳል» እላታለሁ።

ወንድምዬ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኸውን ትንሽ ወደዚህ ብታቀርበውስ? ፋሲካ ዘንድሮ ሩቅ ነው።

አባባ ይባርኩሃል። እማዬ ስማሃለች፤ «ስማሃለች ብለሽ ጻፊለት» ብላ ደግማ ደጋግማ አደራ ብላኛለች።

እኅትህ ሥርጉት፣ ከባሕር ዳር